ሃያ አራት ሰዓትና «እንደ አስፈላጊነቱ»

የሰፈራችን እድር መተዳደሪያ ደንብ በጽሕፈት መኪና የተመታ፣ ጠርዙ የተበላ፣ የቡና ጠብታ ያረፈበት የስድስት ገጽ ጽሑፍ ነው። ባለፈው ዓመት የእድሩ ጸሐፊ ከነፕላስቲኩ አምጥተው እጄ ላይ አኖሩትና፣ «አንተ ጋዜጠኝነት ተምሬያለሁ ትላለህ፤ እስቲ ትምህርትህ አንድ ቀን እንኳ ለሰፈር ይጥቀም» አሉኝ። የተሰጠኝ ሥራ ሁለት ነበር። አንደኛው ደንቡን በኮምፒዩተር መገልበጥ፣ ሁለተኛው «ስለ ወረርሽኝ ጊዜ» የሚል አዲስ አንቀጽ ማርቀቅ።

አንቀጹ ለምን እንዳስፈለገ የሚያስረዳኝ ሰው አልፈለግሁም። የቀድሞው የእድራችን ዳኛ ለሠላሳ ዓመት ያህል የሰው ድንኳን ሲያስተክሉ፣ የሰው ሬሳ ሲያስነሡ የኖሩ ሰው ነበሩ። በመጋቢት 2013 ዓ.ም. ኮቪድ ሲጥላቸው ግን «አትሰብሰቡ» የሚባልበት ሰሞን ነበርና እሳቸው ራሳቸው ድንኳን ሳይተከልላቸው፣ በጥቂት ሰው ተሸኝተው ተቀበሩ። እናቴ እዝን ይዛ ሄዳ በር ላይ አስቀምጣ ተመለሰች። «እሳቸውን እንዲህ ከቀበርን እድር ከእንግዲህ ምን ሊሠራልን ነው?» ያለችው እስከ ዛሬ ከጆሮዬ አልጠፋም።

ዳኛው ከመሞታቸው ጥቂት ሳምንታት ቀደም ብሎ፣ የካቲት 28 ቀን 2013 ዓ.ም.፣ ኮቫክስ በተባለው የጋራ ማከፋፈያ በኩል የመጀመሪያው ክትባት አዲስ አበባ ገብቶ ነበር። መጠኑ 2 ነጥብ 2 ሚሊዮን ዶዝ ገደማ ሲሆን የተመረተው ህንድ ነው። ቅድሚያው ለጤና ሠራተኞች ተሰጠ፤ ይህም ተገቢ ነበር። ዳኛው አዛውንትና የስኳር ሕመምተኛ ስለነበሩ ተራቸውን መጠበቅ ያዙ። በዚያው ወር ግን ህንድ በሽታው በራሷ ሕዝብ ላይ ሲበረታባት ክትባት ወደ ውጭ መላኩን ገታች። ክትባቱ ያድናቸው ነበር ብዬ አልምልም። ተራ ሲጠብቁ መሞታቸውን ግን አውቃለሁ።

ያ ተራ ደግሞ የሰፈራችን ብቻ አልነበረም። የዓለም ጤና ድርጅት ዋና ዳይሬክተር ዶክተር ቴድሮስ አድሃኖም እ.ኤ.አ. ጥር 18 ቀን 2021 ለድርጅቱ ሥራ አስፈጻሚ ቦርድ ሲናገሩ፣ በ49 የተሻለ ገቢ ባላቸው አገሮች ከ39 ሚሊዮን ዶዝ በላይ መሰጠቱን፣ በአንድ እጅግ ድሃ አገር ግን የተሰጠው 25 ብቻ መሆኑን አስታውቀው ነበር። 25 ሚሊዮን አይደለም፤ 25 ሺህም አይደለም፤ ሃያ አምስት።

የእድሩን ደንብ ስገለብጥ ከአጠገቤ ሌላ ጽሑፍ ነበር። ይኸውም የዓለም ጤና ድርጅት አባል አገሮች ከሦስት ዓመት በላይ ሲከራከሩበት ቆይተው ግንቦት 12 ቀን 2017 ዓ.ም. ጄኔቭ ላይ ያጸደቁት የወረርሽኝ ስምምነት ነው። በዋዜማው በኮሚቴ ደረጃ ድምፅ ሲሰጥ 124 አገሮች ደገፉት፣ 11 ድምፀ ተዓቅቦ አደረጉ፣ የተቃወመ አልነበረም። አሜሪካ ከድርጅቱ እንደምትወጣ በጥር 2017 ዓ.ም. አስታውቃ ድርድሩን ትታ ነበር፤ በጥር 2018 ዓ.ም. ደግሞ መውጣቷ ጸና። ሁለቱ ጽሑፎች፣ የሰፈሩና የዓለሙ፣ አንድ ጠረጴዛ ላይ የተገናኙት በአጋጣሚ ነው። ጎን ለጎን ካነበብኳቸው በኋላ ግን ለየብቻ ላያቸው አልቻልኩም።

ሕግን እንደ ድርሰት

«የሕግ ሰነድ በሥነ ጽሑፍ መጽሔት ላይ ምን ይሠራል?» የሚል አንባቢ ይኖር ይሆናል። ልብ ወለድ ስንተች ማን ይናገራል፣ ለማን ይናገራል፣ ቃሉ የት ላይ ይጠነክራል፣ የትስ ላይ ይለሰልሳል ብለን እንጠይቃለን። እነዚህ ጥያቄዎች ለሕግም ይሠራሉ፤ እንዲያውም ለሕግ ይብሳሉ። ደካማ ልብ ወለድ ቢበዛ አንባቢውን ያሰለቻል። የሕግ ዓረፍተ ነገር ሲላላ ግን በላላው በኩል ሰው ይወድቃል።

ስምምነቱ የተዘጋጀው በተባበሩት መንግሥታት ስድስት ቋንቋዎች ሲሆን አማርኛ ከነዚያ አንዱ አይደለም። ስለዚህ እንግሊዝኛውን እያነበብኩ በልቤ ወደ አማርኛ እመልስ ነበር። ጽሑፍን ከቋንቋ ወደ ቋንቋ መመለስ መልካም ወንፊት ነው፤ ገለባውን ያሳያል። ፍትሐዊነት፣ አጋርነት፣ ግልጽነት የሚሉት ትልልቅ ቃላት ሳያስቸግሩኝ ተመለሱ። እጄን የያዘኝ ከግሡ ጎን እየተለጠፈ የሚመጣ አንድ ሐረግ ነው። አገሮች ይህን ያደርጋሉ ይልና «እንደ አስፈላጊነቱ» ይላል። ያንን ያበረታታሉ ይልና ደግሞ «እንደ አስፈላጊነቱ» ይላል። የመሥሪያ ቤት ሰርኩላር ያነበበ ሁሉ ይህን ሐረግ ጠንቅቆ ያውቀዋል። የትርፍ ሰዓት አበል እንደ አስፈላጊነቱ ይከፈላል የሚል ደብዳቤ የደረሰው ሠራተኛ በዚያ ገንዘብ ተማምኖ ዱቤ አይገባም።

ፍርደ ገምድል እንዳልባል የሰነዱንም መልካም ጎን ላንሣ። የሰውን፣ የእንስሳትንና የአካባቢን ጤና አያይዞ ይመለከታል። የጤና ሠራተኞች ጥበቃ እንደሚያሻቸው ይናገራል። «ድርጅቱ ጄኔቭ ተቀምጦ ቤታችንን ሊያዘጋ፣ በግድ ሊያስከትበን ነው» እየተባለ በየስልኩ ለተናፈሰው ወሬም ቁርጥ ያለ መልስ ሰጥቷል፤ ድርጅቱ የማንንም አገር ሕግ የመለወጥ፣ መንገደኛ የማገድ፣ ክትባት የማስገደድ ወይም እንቅስቃሴ የመዝጋት ሥልጣን እንደሌለው በግልጽ ጽፏል።  አርቃቂዎቹ ሲፈልጉ ጥርት ያለ ዓረፍተ ነገር መጻፍ እንደሚችሉ ከዚህ እንረዳለን።

ወሬው በሰዓት፣ መድኃኒቱ በፈቃድ

አገሮች ወረርሽኝን በጋራ ሲከላከሉ የሚለዋወጡት በዋናነት ሁለት ነገር ነው። አንደኛው ወሬ ነው፤ በሽታ መነሣቱ፣ የበሽታው ዓይነት፣ የቫይረሱ ናሙና። ሁለተኛው መድኃኒት ነው፤ ክትባቱ፣ መመርመሪያው፣ የአሠራሩ ዕውቀት። ወሬው ብዙ ጊዜ ከድሃው ወደ ሀብታሙ ሲሄድ፣ መድኃኒቱ ከሀብታሙ ወደ ድሃው ይመጣል ተብሎ ይጠበቃል።

ስለ ወሬው ዓለም ከዚህ ስምምነት በፊትም ሕግ ነበረው። እ.ኤ.አ. በ2005 የተሻሻለው ዓለም አቀፍ የጤና ደንብ፣ አንድ አገር ለሌሎች ሊያሰጋ የሚችል የጤና አደጋ በግዛቱ መኖሩን ገምግሞ ከደረሰበት በ24 ሰዓት ውስጥ ለድርጅቱ እንዲያስታውቅ ያዛል። ሰዓቱ በቁጥር ተቀምጧል።

እዚህ ለመድረስ ረጅም መንገድ ተሂዷል። አገሮች ስለ ተላላፊ በሽታ ለመጀመሪያ ጊዜ በጉባኤ የመከሩት እ.ኤ.አ. በ1851 ፓሪስ ላይ ነው። 12 መንግሥታት እያንዳንዳቸው አንድ ሐኪምና አንድ ዲፕሎማት ልከው ለስድስት ወር ያህል ተከራከሩ። ሐኪሞቹ ኮሌራ ይተላለፋል አይተላለፍም በሚለው አልተስማሙም፤ ዲፕሎማቶቹ ደግሞ መርከቦቻቸው በየወደቡ ታግደው ንግዳቸው እንዳይጎዳ ይሟገቱ ነበር። የሚሠራ ስምምነት የተገኘው ከ41 ዓመት በኋላ፣ በ1892፣ ነው። ቀጥሎ የመጡት ስምምነቶችም ያተኮሩት በኮሌራ፣ በቸነፈርና በቢጫ ወባ ላይ ነበር። ስለዚህ በ1918 ያ ጉንፋን ዓለምን ሲያዳርስ በዝርዝሩ ስሙ ያልተጻፈ በሽታ ነበር። እኛ «የኅዳር በሽታ» የምንለው እሱኑ ነው። በ1911 ዓ.ም. አልጋ ወራሽ ራስ ተፈሪ ሳይቀሩ ታመው የተረፉበት፣ በአዲስ አበባ ብቻ አሥር ሺህ የሚጠጋ ሰው እንደጨረሰ የሚነገርለት መቅሠፍት ነው። ዛሬም ኅዳር 12 ቀን ቆሻሻ ሰብስበን የምናጤሰው በዚሁ መታሰቢያ ነው። ያን ጊዜ «መጣልህ» ብሎ የሚያስጠነቅቅ ሥርዓት አልነበረም። ሃያ አራት ሰዓት የምትለዋን ቁጥር በአክብሮት የማነባት ለዚህ ነው።

ጥያቄው ወሬውን በሰዓቱ የሰጠው ምን አገኘ የሚለው ነው።

እ.ኤ.አ. በ2007 መጀመሪያ ኢንዶኔዥያ የወፍ ጉንፋን ናሙና ወደ ድርጅቱ መላኩን አቋረጠች። ምክንያቷ እሷ ከሰጠችው ናሙና አንድ የአውስትራሊያ ኩባንያ ክትባት እያዘጋጀ መሆኑን መስማቷ ነው። የጤና ሚኒስትሯ ሲቲ ፋዲላ ሱፓሪ፣ ናሙናውን በነፃ የምንሰጥ ክትባቱን ግን አቅማችን በማይችለው ዋጋ የምንገዛ ከሆነ ይህ መተባበር አይደለም ሲሉ ተከራከሩ። ብዙ ሰው ኢንዶኔዥያን ወቀሰ፤ ናሙና መያዝ ዓለምን አደጋ ላይ ይጥላልና ወቀሳው ውሸት አልነበረም። ነገር ግን በ2011 የጉንፋን ናሙና የሚጠቀሙ አምራቾች ከሚያገኙት ላይ እንዲያካፍሉ የሚያደርግ ሥርዓት የተዘረጋው በዚያ እምቢታ የተነሣ ነው። ሥርዓቱም ለጉንፋን ብቻ ሆኖ ቀረ።

ኅዳር 15 ቀን 2014 ዓ.ም. ደግሞ ደቡብ አፍሪካ በኋላ ኦሚክሮን የተባለውን አዲሱን የኮቪድ ዝርያ አስታወቀች። ሳይንቲስቶቿ ያገኙትን ሳይደብቁ፣ ሳይዘገዩ ለዓለም አሳወቁ። በሁለት በሦስት ቀን ውስጥ እንግሊዝ፣ የአውሮፓ አገሮችና አሜሪካ በደቡብ አፍሪካና በጎረቤቶቿ ላይ የጉዞ በር ዘጉ። እሳት ተነሣ ብሎ የጮኸው ጎረቤት ቤቱ ከውጭ ተቆለፈበት ማለት ነው። ይህን ያየ ሌላ አገር በሚቀጥለው ጊዜ ሃያ አራቱን ሰዓት እንዴት እንደሚቆጥረው መገመት አያቅትም።

አሁን ወደ ሰነዱ እንመለስ። በአንቀጽ 12 ላይ ይህን ቁስል ለማከም የተጻፈ ዓረፍተ ነገር አለ። ናሙና ማካፈልና ጥቅም ማካፈል «በእኩል መሠረት» እንዲታዩ ይላል። ወረርሽኝ ሲነሣ አምራቾች ከክትባት፣ ከመድኃኒትና ከመመርመሪያ ምርታቸው 20 ከመቶውን ለዓለም ጤና ድርጅት እንዲያቀርቡ ያስባል፤ ከዚህም ቢያንስ 10 ከመቶው በነፃ፣ ቀሪው አቅምን ባገናዘበ ዋጋ እንዲሆን። የሚሰጠውም በየጊዜው እየተመረተ ካለው ላይ ነው። እኔ በሰነዱ ውስጥ ከሁሉ የወደድኩት ይህን ሐሳብ ነው። ሀብታም ጠግቦ ከተነሣ በኋላ ከሚቀረው ትራፊ ሳይሆን ድስቱ ገና ከመውረዱ ይጨለፋል ማለት ነውና። በ2013 ዓ.ም. እንዲህ ያለ ደንብ ቢኖር የሰፈራችን ተራ ሌላ ይሆን ነበር።

ዳሩ ግን ዓረፍተ ነገሩን ደግመን ስናነበው «አምራቾች» ከሚለው አጠገብ አንድ ቅጽል እናገኛለን። «ተሳታፊ አምራቾች» ይላል። ግዴታው ውል የገባውን አምራች ያስራል፤ ውል ያልገባውስ? ዝርዝሩ በአባሪ እንደሚወሰን ተጽፏል። ስምምነቱ በጭብጨባ ሲጸድቅ ግን አባሪው ገና አልተጻፈም ነበር። አባሪው እስኪጸድቅ ድረስ ለፊርማ እንዳይከፈት፣ ከዚያም 60 አገሮች በየፓርላማቸው እስኪያጸድቁት ድረስ ሥራ ላይ እንዳይውል ተደርጎ ነው የተቋጨው። እንግዲህ የልቡ ጉዳይ ያለበት ገጽ ባዶ ሆኖ የጸደቀ መጽሐፍ ነው።

ስለ ቴክኖሎጂ ሽግግር የሚናገረው አንቀጽ 11 ደግሞ ይብሳል። ድሃ አገሮች ክትባት ከመለመን ወጥተው ራሳቸው እንዲያመርቱ የሚያስችለው ይህ ነበር። ህንድና ደቡብ አፍሪካ በጥቅምት 2020 እ.ኤ.አ. የባለቤትነት መብት ለጊዜው ይነሣ ብለው ለዓለም የንግድ ድርጅት ሲያመለክቱ የጠየቁትም ወደዚሁ የሚያመራ ነበር፤ እዚያም ሁለት ዓመት ሊሞላ ጥቂት ሲቀረው የተሰጣቸው መልስ ከጠየቁት እጅግ ያነሰ ነው። በአዲሱ ስምምነት ሽግግሩ «በጋራ ስምምነት» እንዲሆን ተጻፈ። ይህም አልበቃ ብሎ ከገጹ ግርጌ በትንንሽ ፊደል ማብራሪያ ታከለበት። በጋራ ስምምነት ማለት «በፈቃደኝነት» የሚደረግ ማለት መሆኑን ያስረዳል። ለዚህች አንዲት ቃል የተደረገው ክርክር ረጅም ነበር። አንባቢ ሆይ፣ ከአንቀጹ አካል ወጥታ ግርጌ የተቀመጠች ቃል ብዙ ጊዜ ባለቤቱ ያፈረባት ቃል ናት።

በአጭሩ ሁለቱ ጽሑፎች ሲገናኙ የወሬው ግዴታ ሰዓት አለው፣ የመድኃኒቱ ግዴታ ግን በፈቃድ ላይ ቆሟል። ትችቴ ይኸው ነው።

የእድሩ ደንብ

በእድራችን ደንብ መዋጮ በወሩ መጀመሪያ እሑድ ይከፈላል። ያልከፈለ ይቀጣል። ሦስት ወር ያከታተለ ይሰረዛል። ሰው ሲሞት ድንኳኑ በስንት ሰዓት እንደሚተከል፣ ስንት ወንበርና ስንት ድስት እንደሚወጣ፣ ቀብር የቀረ ምን ያህል እንደሚቀጣ ተዘርዝሯል። በስድስቱ ገጽ ውስጥ «እንደ አስፈላጊነቱ» የሚል ሐረግ ፈልጌ አጣሁ። የጻፉት ሰዎች ሐዘን ላይ ያለ ሰው መደራደር እንደማይችል ያውቁ ነበር። ስለዚህ ድርድሩን ማንም ሳይሞት ጨረሱት።

ይህ ጥበብ በአገሮች መካከልም ሲሠራ አይተናል። ሩዋንዳ መስከረም 17 ቀን 2017 ዓ.ም. የማርበርግ በሽታ መከሰቱን አሳወቀች። ፈቃድ ያገኘ ክትባት ለማርበርግ አልነበረም። ሆኖም አሜሪካ የሚገኘው የሳቢን የክትባት ተቋም በሙከራ ላይ ከነበረው ክትባት 700 ያህል ዶዝ ላከና በዘጠነኛው ቀን የጤና ሠራተኞች መከተብ ጀመሩ። 66 ሰዎች ታመው የሞቱት 15 ናቸው፤ ማርበርግ ብዙ ጊዜ የያዘውን ግማሽ ያህል የሚገድል በሽታ ነው። ለዚህ ውጤት የሩዋንዳ ሐኪሞች ክብካቤ ትልቁን ድርሻ ይይዛል። ክትባቱ በዘጠኝ ቀን ሊደርስ የቻለው ግን በሽታው ከመነሣቱ በፊት ተዘጋጅቶ ስለተቀመጠ ነው። ከአንድ ዓመት በኋላ፣ ኅዳር 5 ቀን 2018 ዓ.ም.፣ ይኸው በሽታ ጂንካ መገኘቱ ሲነገር ነገሩ ከደጃችን መድረሱን አየን። ኅዳር ለመታጠን ሳምንት ቀርቶት ነበር።

አንባቢ፣ «ዓለም እድር አይደለም፤ እድር ያልከፈለውን ይሰርዛል፣ ኃያል አገርን ማን ይሰርዛል?» ቢለኝ እውነቱን ነው። ራሷን የሰረዘች አገር እንኳ አይተናል። ነገር ግን የእኔን ምሳሌ ያቆሰለው ይህ ክርክር ሳይሆን የራሴው ረቂቅ ነው።

እድር የከፈለውን ነው የሚቀብረው። በሰፈራችን የቤት ሠራተኞች፣ በጎረቤት ግቢ የተከራዩ የቀን ሠራተኞች፣ ድልድይ ሥር የሚያድሩ ልጆች እድርተኛ አይደሉም። ወረርሽኝ ደግሞ የእድር መዝገብ አያይም። ስለዚህ አዲሱን አንቀጽ ሳረቅ ለእነሱም የሚሆን ነገር ልጨምር ብዬ፣ «በወረርሽኝ ጊዜ እድሩ እድርተኛ ላልሆኑ የሰፈሩ ነዋሪዎች እንደ አስፈላጊነቱ ርዳታ ያደርጋል» ብዬ ጻፍኩ። ስጽፈው አልታወቀኝም። የጄኔቭን ሰዎች የወቀስኩባት ሐረግ፣ መስጠት የእኔ ተራ ሲሆን ከእጄ ወጣች።

እሑድ በስብሰባው ላይ ሳነበው ብዙዎቹ ራሳቸውን ነቀነቁ። እናቴ ግን እጇን አወጣች። «የሚያስፈልገውን ማን አይቶ ነው የሚወስነው? ያን ጊዜ እኮ ሁላችንም በር ዘግተን ነው የምንቀመጠው» አለች። መልስ አልነበረኝም። ጸሐፊው እስክሪብቶ አውጥተው ሐረጉን ሰረዙት። በምትኩ የታመመ ሰው ያለበት ቤት ሲታወቅ በ24 ሰዓት ውስጥ ለእድሩ እንዲነገር፣ እድሩም በ24 ሰዓት ውስጥ ምግብ፣ ውኃና ሳሙና እንዲያደርስ፣ ቤቱ እድርተኛ ሆነም አልሆነ፣ ተባለ። ሰዓቱ በሁለቱም ወገን እኩል ይቁጠር የሚለውን ሐሳብ ያቀረብኩት እኔ ነኝ፤ ከሰነዱ የተማርኩት ጉድለቱን አይቼ ነው።

ከዚያ የገንዘቡ ነገር መጣ። ከወርኃዊው መዋጮ ምን ያህሉ ለዚህ ተለይቶ ይቀመጥ? እናቴና ሌሎች ሴቶች ከመቶ አምስት አሉ። ገንዘብ ያዡ ከመቶ ሁለት ይበቃል አሉ። አንድ ሽማግሌ ተነሥተው፣ «ላልከፈለ ሰው ከከፈለ ሰው ላይ ማንሣት በየትኛው ደንብ ነው?» ብለው ጠየቁ፤ ያጨበጨበላቸውም ነበር። ነገሩ ለሚቀጥለው ወር ተላለፈ፤ በሚቀጥለውም ወር እንደገና ተላለፈ። ጄኔቭ ላይ ለምን ሦስት ዓመት እንደፈጀባቸው ያን ጊዜ በመጠኑ ገባኝ።

ቢሆንም አንድ ነገር ተሠርቷል። የከመቶው ቦታ ባዶ ነው፤ ሐረጉ ግን ተሰርዟል። ቁጥሩ ያልተሞላ ባዶ ቦታ ገጹን በገለጡት ቁጥር ያፋጥጣል፤ «እንደ አስፈላጊነቱ» ግን የተሞላ መስሎ ያስተኛል። የዓለሙንም ስምምነት የማነበው ከእንግዲህ እንዲሁ ነው። አባሪው ሲጻፍም ሲከለስም መጀመሪያ የምፈልገው ትልልቆቹን ቃላት አይደለም። ቁጥር አለ ወይ፣ ሰዓት አለ ወይ፣ ከግርጌ የተደበቀ ፈቃደኝነት አለ ወይ ብዬ ነው። የእድራችን ዳኛ በሕይወት ቢኖሩ ከዚህ ሌላ የሚጠይቁት ነገር ያለ አይመስለኝም።